አኒሜ ማየትና አኒሜ መቁረጥ ለምን አንድ አይደሉም?

ማራኪ አካባቢ ካፌ ገብታችሁ ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ተማሪ ብታዩ፣ ኳስ ካልሆነ አኒሜ ነው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። ጎንደር ውስጥ የጃፓን አኒሜሽን ወዳጁ በርክቷል። ፋይሉ በቴሌግራም ይወርዳል፣ በፍላሽ ይገለበጣል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ግማሽ ክፍል ይታያል። 2015 ዓ.ም ክረምት ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ፣ የሞላ ሜሞሪ ካርድ ያለው ሰው ወዳጁ በዛ።

ከእነዚህ ወጣቶች ጥቂቶቹ ግን ማየት ላይ አያቆሙም። ያዩትን አኒሜ ይቆራርጡታል። ከሚወዱት ዘፈን ጋር ያገጣጥሙታል። ሦስትና አራት ደቂቃ የሚሆን ሌላ ቪዲዮ ያወጡበታል። ዓለም ላይ ይህ ሥራ ኤኤምቪ ይባላል፤ በአኒሜ የተሠራ የሙዚቃ ክሊፕ ማለት ነው። ልጆቹ በአጭሩ «ኤዲት» ይሉታል።

ቤት ውስጥ ግን ሁለቱን የሚለይ የለም። ከበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ አንድ ነው፤ ልጁ ስክሪን ፊት ተተክሎ ካርቱን ያያል። «አንተ ልጅ፣ ትናንት ያየኸውን ነው ዛሬም የምታየው?» ይባላል። እውነተኛው መልስ «አዎ፣ ያንኑ ነው፤ ግን እያየሁት አይደለም» የሚል ነው። ለእናት እንዲህ ብሎ መመለስ ደግሞ ጣጣ አለው። እንግዲህ ያን መልስ እኔ ላብራራው።

ኤኤምቪ በትክክል ምንድን ነው?

ሠሪው ሌላ ሰው የሣለውን ምስል ይወስዳል። ሌላ ሰው የዘፈነውን ዘፈን ይወስዳል። የራሱ የሆነው ነገር ቅደም ተከተሉና ሰዓቱ ብቻ ነው። የትኛው ምስል ይምጣ፣ ከየትኛው ቀጥሎ፣ በየትኛው ቅጽበት? ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። ሥራው ሁሉ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው።

አኒሜ ለዚህ በጣም የተመቸ ነው። የቴሌቪዥን አኒሜ አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ»ን በየሳምንቱ ማቅረብ የጀመረበት ዓመት። ዛሬ አንድ ክፍል ያለ ማስታወቂያ ወደ 24 ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 90 ሰከንድ ገደማ የመክፈቻ ዘፈን ነው፤ መዝጊያውም እንደዚያው። መክፈቻው ራሱ በባለሙያ የተሠራ ክሊፕ ነው። ምስሉ በዘፈኑ ምት ይቆረጣል፣ ዘፈኑ ከፍ ሲል ምስሉም አብሮ ይነሣል። ብዙ ኤዲተር ሳያውቀው የተማረው እሱን እየደጋገመ በማየት ነው። (መክፈቻውን ሁልጊዜ የሚዘሉ ተመልካቾች አሉ። ምርጫቸው ነው፤ እኔ ግን አዝንላቸዋለሁ።)

ማን ጀመረው?

እ.ኤ.አ. በ1982 ጂም ካፖስታስ የተባለ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ሁለት የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻዎችን በገመድ አገናኘ። በአንዱ «ስፔስ ባትልሺፕ ያማቶ» የተባለውን አኒሜ እያጫወተ በሌላው ቀዳ። የመረጠው ጭካኔ የበዛባቸውን የጦርነት ትዕይንቶች ነው። በላያቸው ያስገባው ዘፈን ግን የቢትልስ «ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ላቭ» ነው፤ የሚያስፈልግህ ፍቅር ብቻ ነው የሚለው። መርከብ እየፈነዳ ስለ ፍቅር ይዘፈናል። የመጀመሪያው ኤኤምቪ ተብሎ በሰፊው የሚጠቀሰው ይኼ ሥራ ነው።

ነገሩ ቀልድ ነበር። አኒሜው ብቻውን አያስቅም፤ ዘፈኑም ብቻውን አያስቅም። ሳቁ የመጣው ከመገጣጠማቸው ነው። ኤዲተር የሚባለው ሰው የሚሠራው ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ከሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ስሜት ይፈጥራል።

ካፖስታስ ከባዶ አልተነሣም ማለት ይቻላል። ከእሱ ሰባት ዓመት ቀድማ፣ በ1975፣ ካንዲ ፎንግ የምትባል የ«ስታር ትሬክ» አድናቂ የተከታታይ ፊልሙን ስላይዶች ከዘፈን ጋር አቀናጅታ ለአድናቂዎች ታሳይ ነበር። ጃፓን ውስጥም ከካሴት ዘመን የጀመረ «ማድ» የሚባል ተመሳሳይ ልማድ አለ።

በካሴት መቁረጥ ትዕግሥት ይፈትናል። ቅጂው በቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚሄደው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ደርሶ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ስህተት ያየ ሰው፣ ከስህተቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ እንደገና ይቀዳል። ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ምስሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ኮምፒውተር ቤት ሲገባ ይህ ሁሉ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩቲዩብ ሲመጣ ማሳያውም ተገኘ። አሁን ሁሉም ነገር ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ይሠራል።

ታዲያ የሚያይ ሰውና የሚቆርጥ ሰው በምን ይለያያሉ?

በጥር የተደረገ አንድ የጎንደር ሠርግ እናስብ። የሙሽራው አጎት ሠርጉን ያዩት በልተው፣ ጠጥተው፣ እስክስታ ወርደው ነው። የቪዲዮ ቤቱ ልጅ ያንኑ ሠርግ በሌላ ዓይን ነው ያየው። የሙሽሪት እናት እንባቸውን በነጠላ የጠረጉበትን ሰከንድ ያውቃል። ሚዜዎቹ ትከሻቸውን አብረው የሰበቁበትን ሰከንድ ያውቃል። ወጡ ይጣፍጥ ነበር ወይ ብትሉት ግን መልስ የለውም። አኒሜ የሚያየው ሰው አጎትየው ነው፤ ኤዲተሩ የቪዲዮ ቤቱ ልጅ።

የሚያይ ሰው ታሪኩን ይከተላል። ማን ማንን ከዳ? ቀጥሎ ምን ይመጣል? ጥሩ ተመልካች ራሱን ይረሳል፤ የማየት ደስታው እሱ ነው። ኤዲተር ራሱን ከረሳ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው። ንግግሩ አይፈለግማ! የሚፈልገው እንቅስቃሴ ነው። ፀጉር በነፋስ ወደ ግራ ሄደ? ይመዘገባል። ልጅቷ ዞር ብላ ወደ ካሜራው አየች? ይመዘገባል። ማስታወሻውን ብታዩት «ክፍል 7፣ 14፡32፣ እጅ ይዘረጋል፣ ከቀኝ ወደ ግራ» የሚል ነገር ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ታሪኩ የለም። ስም እንኳ የለም።

ለምን «ከቀኝ ወደ ግራ» ተባለ? ዓይን እንቅስቃሴን ስለሚከተል ነው። በአንዱ ምስል ሰይፍ ከቀኝ ወደ ግራ ከተሰነዘረ፣ በሚቀጥለው ምስል በርም ይሁን ወፍ ወደ ግራ ሲሄድ፣ ሁለቱ ከተለያየ አኒሜ ቢመጡም አንድ ሆነው ይታያሉ። አቅጣጫው ከተጋጨ ግን ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ይጎረብጠዋል።

ሌላው ልዩነት ሰብታይትል ነው። የጃፓንኛው ንግግር በጽሑፍ ካልተተረጎመለት ተመልካቹ ምንም አይገባውም። ስለዚህ ሰብታይትል ያለበትን ፋይል ፈልጎ ያወርዳል። ኤዲተሩ ከሰብታይትል ይሸሻል። ጽሑፉ ምስሉ ላይ የታተመ ከሆነ አይነቀልም፤ በፍቅር ዘፈን መሃል «ተጠንቀቅ፣ ከኋላህ ነው!» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ሲያልፍ ይታያል። አንዳንዱ የምስሉን የታችኛውን ክፍል ይቆርጠዋል። ያኔ የሰው አገጭ አብሮ ይሄዳል።

መጠኑንም በቁጥር እንየው። 12 ክፍል ያለው አንድ አኒሜ፣ መክፈቻና መዝጊያው ሲቀነስ፣ 252 ደቂቃ ያህል ምስል አለው። በሰከንድ ሲሰላ 15,120 ነው። አራት ደቂቃ የሚሆን ክሊፕ 240 ሰከንድ ይወስዳል። ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ይጣላል። ግን የቱ እንደሚጣል ለማወቅ ሁሉንም ማየት የግድ ነው፤ ያውም ደጋግሞ። «ትናንት ያየኸውን ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ምስልን ከቦታው አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ትርጉሙን ይቀይራል?

ይቀይራል። ይህንን ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ አሳይቷል። የአንድ ተዋናይን ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ወሰደ። አንዴ ከሾርባ ሳህን ቀጥሎ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ አሳየው። ፊቱ ያው ነው። ተመልካቹ ግን አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን አነበበበት። ስሜቱን የፈጠረው ቅደም ተከተሉ ነው።

ኤኤምቪ የሚኖረው በዚህ ነው። በአኒሜው ውስጥ ልጁ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያየው አውቶቡስ እየጠበቀ ይሆናል። ኤዲተሩ ያንን አራት ሰከንድ ያወጣና ከዚያ በፊት የአንዲት ልጅ ፈገግታ ያስገባል። ከሥር የትዝታ ቅኝት ያስገባል። አሁን ልጁ የሚጠብቀው አውቶቡስ መሆኑ ቀረ።

አደጋም አለው። አንዳንድ ኤዲተር አኒሜውን ሳያይ ከሌላ ሰው ኤዲት ላይ ቆንጆ ቆንጆውን ለቅሞ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን ወንድምና እህት የሆኑ ገጸ ባሕርያት የፍቅር ዘፈን ላይ ይገኛሉ። አኒሜውን የሚያውቅ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ስለዚህ ኤዲተር ለመሆን መጀመሪያ ተመልካች መሆን ያስፈልጋል። ተመልካች ለመሆን ግን ኤዲተር መሆን አያስፈልግም።

ምስሉ ከዘፈኑ ጋር የሚገጥመው እንዴት ነው?

ሁለት ነገር መለየት ይበቃል፤ ፍሬምና ምት።

ፍሬም አንድ የቆመ ሥዕል ነው። አኒሜ በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል፤ በትክክል ሲሰላ 23.976። ምት ደግሞ እግራችን ሳናዘው የሚመታው፣ ጭብጨባ የሚያርፍበት ነው። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በየግማሽ ሰከንዱ ይመታል ማለት ነው። ግማሽ ሰከንድ 12 ፍሬም ነው። ስለዚህ በየ12 ፍሬሙ የቆረጠ ሰው በምቱ ላይ ቆረጠ።

ሁሉም ዘፈን ግን እንዲህ አይመቻችም። 128 ምት ያለውን ብንወስድ፣ በምትና በምት መካከል 11 ፍሬምና ሩብ ይገኛል። ሩብ ፍሬም የሚባል ነገር የለም። በየ11 ፍሬም ከቆረጡ እየቀደሙ ይሄዳሉ፤ በየ12 ከቆረጡ እየዘገዩ። መፍትሔው ጆሮ ነው። አንዴ 11፣ አንዴ 12 እያደረጉ በድምፁ ሞገድ ላይ አንድ በአንድ ማስቀመጥ። ብዙ ኤዲተር ከምቱ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀደም ብሎ ይቆርጣል፤ ዓይን አዲሱን ምስል ለመያዝ ቅጽበት ትፈልጋለችና።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ። የስልክ አፖች «በራስ ሰር ከምቱ ጋር አገጣጥም» የሚል ቁልፍ አላቸው። ምቱን ለሁለትና ለአራት የሚከፋፍል የፈረንጅ ዘፈን ላይ ጥሩ ይሠራሉ። የጎንደር እስክስታ የሚወረድበት ችክችካ ግን በስድስት ስምንተኛ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። ምቱ 12 ፍሬም ከሆነ አፑ 6 እና 3 ፍሬም ላይ ሊቆርጥ ይሞክራል። ትከሻው ያለው ግን 4 እና 8 ላይ ነው። ውጤቱን ብታዩት የሰከረ ሰው ጭብጨባ ይመስላል። ስለዚህ በማሲንቆና በከበሮ አኒሜ መቁረጥ የሚፈልግ ልጅ ቁልፉን ትቶ በእጁ መሥራት አለበት። ይህን ያደረገ ሰው ሥራ አይቻለሁ። የአኒሜ ተዋጊ ትከሻውን በችክችካ ሲሰብቅ ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ የኛ ሰፈር ልጅ ያስመስለዋል።

በየምቱ መቁረጥ ግን ግዴታ አይደለም። እንዲያውም የጀማሪ ምልክት ነው። ምስሉ ሳይቆረጥ ውስጡ ያለ ነገር በምቱ ላይ ቢያርፍ ይበልጣል፤ እግር መሬት ሲነካ፣ በር ሲዘጋ፣ ዓይን ሲገለጥ። ዘፈኑ ሲረጋጋ ምስሉ ረዘም ይበል። አዝማሪ እንኳ በየቃሉ ላይ ማሲንቆውን አይጎትትም።

አኒሜ የተሣለ ስለሆነ የሚያስቸግር ነገር አለ?

አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍልም ይኼ ነው።

በሰከንድ 24 ፍሬም ይታያል ብለናል። ይህ ማለት ግን በሰከንድ 24 ሥዕል ተሥሏል ማለት አይደለም። ሥዕል ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ አንዱ ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም እንዲቆይ ይደረጋል። በሰከንድ 12 ወይም 8 ሥዕል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው አፍ ብቻ ነው፤ ፊቱ፣ ፀጉሩ፣ ልብሱ የቆመ ሥዕል ነው። ቴዙካ ሳምንታዊ አኒሜ ለማድረስ የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ እስከ ዛሬም አለ።

ተመልካቹ ይህን አያስተውለውም። ታሪኩ ይዞታል። ኤዲተሩ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ይጋጠመዋል። ከ9ኛው ፍሬም በኋላ ልቁረጥ ሲል ሥዕሉ የሚቀየረው ልክ በ9ኛው ነው። አንድ ፍሬም ብቻ የታየ አዲስ ሥዕል ብልጭ ብሎ ይጠፋና ዓይን ላይ እንደ ትንኝ ይርገበገባል። መቁረጫውን ሥዕሉ ከሚቀየርበት ቦታ ጋር ማስማማት አለበት። አፍም ራስ ምታት ነው። በዘፈን መሃል የሚያወራ አፍ ከታየ ዘፋኙ እሱ ይመስላል። አንዳንዱ አፍ የሌለበትን ይመርጣል። ጎበዙ ደግሞ ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ የአፉን ሥዕሎች ለይቶ፣ በዘፈኑ ቃል ልክ አሰልፎ ገጸ ባሕርዩን ያዘፍነዋል። ለአንዲት ስንኝ ሌሊቱ ሊያልቅ ይችላል።

አሁን በቲክቶክ የሚታዩት አጫጭር ኤዲቶች ላይ አንድ ፋሽን አለ። እንቅስቃሴውን እንደ ማር ያቀዘቅዙታል። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያልተሣለ ሥዕል ገምቶ ስለሚጨምር ነው። ለካሜራ ምስል ደህና ነው። አኒሜ ላይ ግን በሥዕልና በሥዕል መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ማሽኑ ግምቱ ሲጠፋው ጣቶች ይቀላቀላሉ፣ ጆሮ ይቀልጣል። ቪዲዮውን አቁማችሁ እዩት። ሰዓሊው ሆን ብሎ የተወውን ክፍተት ማሽን ሲሞላው ጉልበቱ ይጠፋል ባይ ነኝ፤ ወጣቶቹ ግን በዚህ አይስማሙም።

ፊልሙን ያለ ችግር የሚያጫውት ላፕቶፕ ለምን ሲቆረጥበት ይንቀረፈፋል?

በቴሌግራም የመጣ ፋይል ትንሽ የሆነው ሁሉም ፍሬም ሙሉ ሥዕል ሆኖ ስላልተቀመጠ ነው። አንዱ ሙሉ ሥዕል ይቀመጣል። ቀጥለው ያሉት «ከበፊቱ የተለወጠው ይህ ብቻ ነው» የሚል መረጃ ነው የሚይዙት። ከዚያ እንደገና አንድ ሙሉ ሥዕል። ወደ ፊት ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም ችግር የለውም።

ኤዲተር ግን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይዘላል፣ አንድ ፍሬም ላይ ይቆማል። ያ ፍሬም ሙሉ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ወደ ቅርቡ ሙሉ ሥዕል ተመልሶ፣ ለውጡን አንድ በአንድ ደምሮ ነው የሚያሳየው። በየጠቅታው እንዲህ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ እዚህ ላይ ያቃስታል። መድኃኒቱ ፕሮክሲ ይባላል። ለሥራ ጊዜ ብቻ የሚሆን፣ ጥራቱ ዝቅ ያለና ለመክፈት የማይከብድ ቅጂ ይሠራል። የሚቆረጠው በእሱ ላይ ነው። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ዋናውን ፋይል መልሶ ይተካል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የመቁረጫ ፕሮግራም በነፃው ቅጂም ይህን ይሠራል። ኬደንላይቭ የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ነፃ ነው፤ ደከም ያለ ማሽንም ይችለዋል።

ስልክስ አይበቃም?

ለአጭር ኤዲት ይበቃል። ካፕካትና አላይት ሞሽን የሚባሉት የስልክ አፖች ብዙ ይሠራሉ። አንድ ወጥመድ ብቻ ልጠቁም። ብዙ የስልክ አፕ በራሱ የሚጀምረው በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ነው። 24 የነበረው 30 ውስጥ ሲገባ ከአራቱ አንዱ ፍሬም ይደገማል። እንቅስቃሴው ይደናቀፋል። ልጁ «ኤዲቴ ለምን ይጎተታል?» እያለ ስልኩን ይረግማል። ሴቲንግ ገብቶ 24 ማድረግ ነው፤ አለቀ።

የመብራት ነገርም አለ። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ማስተካከል አለበት። ጎንደር ነዋሪ ለሆነ ሰው ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልግም።

ይህ ሌብነት አይደለም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አንድ መስመር አይደለም።

ምስሉም ዘፈኑም ባለቤት አላቸው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛት፣ የመለወጥና ለሕዝብ የማሠራጨት መብት የባለቤቱ ነው ይላል። ለግል ጥቅም መቅዳትን፣ ጥቅስንና ትምህርትን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች በወሰን ተፈቅደዋል። አሜሪካ ውስጥ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚባል መከላከያ አለ፤ እሱም ፍርድ ቤት ጉዳዩን አንድ በአንድ መርምሮ የሚወስነው እንጂ አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። «ክሬዲት ሰጥቻለሁ» ወይም «ገንዘብ አላገኘሁበትም» ብሎ መጻፍ ብቻውን ሕጋዊ አያደርግም። ይህ በጣም የተለመደ የተሳሳተ እምነት ነው።

በተግባር ቅሬታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሙዚቃው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዊንድ አፕ ሬከርድስ የተባለ የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ፣ እንደ ኢቫነሰንስ ያሉ ባንዶቹ ዘፈን ያለባቸው የአኒሜ ክሊፖች ከተሰባሰቡበት ድረ ገጽ እንዲወርዱ ጠይቆ ወርደዋል። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ደግሞ ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል ሥርዓት አለው። ባለ መብቱ ሥራውን ያስመዘግባል። ማሽኑ የሚጫነውን ቪዲዮ ድምፅና ምስል ከተመዘገበው ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰለ ባለ መብቱ ሦስት ምርጫ አለው፤ ማገድ፣ ማስታወቂያ አስገብቶ ገቢውን መውሰድ፣ ወይም ዝም ብሎ የተመልካቹን ቁጥር መከታተል። ለዚህ ነው አንዱ ኤዲት ሲጠፋ ሌላው ማስታወቂያ ተለጥፎበት የሚቆየው።

ፍትሕ ለማድረግ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቁጭ ብሎ ማየትም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ያ የቴሌግራም ፋይል ከየት መጣ? ኤዲተሩ ላይ ጣት የሚቀስር ተመልካች ፍላሹን ቢፈትሽ ደግ ነው።

ማየት ብቻስ ምን ይጎድለዋል?

ምንም። አንዳንድ ኤዲተሮች ተመልካችን ዝቅ አድርገው ያያሉ፤ አይገባም። ሰዓሊው ያን ሁሉ የሠራው ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያይለት ነው። ኤዲተር ራሱ የሚከፍለው ዋጋም አለ። ጨዋታውን የተለማመደ ሰው አዲስ አኒሜ ሲጀምር «ይህቺ ቁራጭ ታምራለች» ይላል፤ ታሪኩ ያመልጠዋል። የሚያሳዝነው ሞት ላይ ደርሶ የሚያስበው ዝናቡ እንዴት እንደሚወርድ ነው። ኤዲት የተዉ ልጆች «አሁን አኒሜ እንደገና ጣፈጠኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በሌላ በኩል እጁ የሚለምደው ነገር ከአኒሜ አልፎ ይሄዳል። ምት መስማት፣ ፋይል ማደራጀት፣ ከ15,120 ሰከንድ 240ውን መምረጥ፤ ይህ የሠርግ ቪዲዮም፣ የምርቃት ቪዲዮም፣ የሱቅ ማስታወቂያም ሥራ ነው። ከኤኤምቪ ራሱ ገንዘብ የሚገኘው እምብዛም ነው፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

ለመጀመር የፈለገ ከየት ይጀምር?

ብዙ ጊዜ ካየው አኒሜ አንድ ብቻ ይምረጥ። ሙሉ ዘፈን ሳይሆን አንድ አዝማችና አንድ ስንኝ ይውሰድ፤ ለመጀመሪያ ሥራ ሠላሳ ሰከንድ በቂ ነው። ስለ መብት የሚጨነቅ ከሆነ በራሱ ምስል ይለማመድ። ጥምቀት ላይ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ስልኩን ይዞ ይቁም። ወጣቶች ወደ ውኃው ሲዘሉ፣ ውኃው ሲረጭ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፤ ለምት የሚሆን እንቅስቃሴ እዚያ ሞልቷል።

ጨርሶ ሲያወጣ ሁለት ፈተና አለ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ይየው፤ ምስሉ ብቻውን የሚፈስ መሆኑ ያኔ ይታወቃል። ቀጥሎ አኒሜውን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው ያሳይ፤ እናት ለዚህ ጥሩ ዳኛ ናቸው። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ብለው ከጠየቁ ክሊፑ ሠርቷል። «ራትህ ቀዘቀዘ» ካሉ ደግሞ መሃሉ ረዝሟል፤ ይቆረጥ።